ከሁለት የቆሙ ጂፖች አንዷን ያስነሡት ጋሽ ወልዴ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ባለው ዳገት ላይ የምትኖሩ፣ የኖራችሁ፣ በዚያም መንገድ ለጠበል የተመላለሳችሁ ሁሉ! በሹፌርነታቸው የምታውቋቸው አቶ ወልደየስ፣ ሁላችንም ጋሽ ወልዴ እያልን የምንጠራቸው፣ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት አያት በሚገኘው የልጃቸው ቤት ዐርፈዋል። በማግስቱም በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ተቀብረዋል። ርቃችሁ ያልሰማችሁ ካላችሁ ከዚህ ስሙ።

ይህን መታሰቢያ እንድጽፍ የመረጡኝ የዕድራችን ሰዎች ናቸው። «ከሁላችንም ይልቅ አንተ ትቀርባቸው ነበር» አሉኝ። እውነት ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ሠርተናል፤ በአንድ ሰፈር ኖረናል፤ በኋላም አንዲት መኪና ተካፍለናል። ዳሩ ግን የመረጡኝ ሰዎች የማያውቁት ነገር አለ። እኔ፣ በላቸው፣ የጋሽ ወልዴ ወዳጅ ብቻ አልነበርኩም፤ ቀናተኛቸውም ነበርኩ። በቀብራቸው ዕለት እንኳ ዕንባዬ በጉንጬ እየወረደ ዓይኔ የለቀስተኛውን ብዛት ይቆጥር ነበር። «ለኔ የዚህ ግማሽ ይመጣልኝ ይሆን?» እያልኩ። እንግዲህ የምጽፈው የቀናተኛ ምስክርነት ነው። ወዳጅ ሲያሞግስ ያጋንናል ይባላል። ቀናተኛ ግን የሚመሰክረው ሳይወድ በግዱ ነውና ብታምኑኝ አትሳሳቱም።

ጋሽ ወልዴን ያወቅኋቸው በደን መሥሪያ ቤት በሹፌርነት ስቀጠር ነው። በዕድሜ ዐሥር ዓመት ያህል ይበልጡኛል፤ እኔ ጀማሪ ስሆን እሳቸው አንጋፋ ነበሩ። ችግኝና ሠራተኛ ጭነን እንጦጦ ጫካ የምንመላለስባቸው ሁለት መንትያ የሚመስሉ አረንጓዴ ጂፖች ነበሩ፤ አንዷን እሳቸው፣ ሌላዋን እኔ እንነዳ ነበር። ጋሽ ወልዴ ጠዋት መኪናቸውን አስነሥተው ወዲያው አይነዱም። ወርደው ከኮፈኑ አጠገብ ይቆሙና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ያደምጧታል። «ሰው ሲያመው ይናገራል፤ መኪናም ትናገራለች። የጠፋው የሚሰማት ሹፌር ነው» ይሉ ነበር። እኔ ይህን ጊዜ ተፈትልኬ ሄጃለሁ። አለቃችን በየስብሰባው «መኪና እንደ ወልደየስ ያዙ» ባለ ቁጥር ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞር ነበር።

መንግሥት ሲለወጥ መሥሪያ ቤታችን ታጥፎ ሠራተኛው ተቀነሰ። አሮጌዎቹ መኪኖች ለጨረታ ሲወጡ ሁለታችንም እነዚያኑ ስንነዳቸው የኖርናቸውን ጂፖች ገዛን። ከፈረንሳይ ወደ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣው መንገድ ያን ጊዜ ድንጋይና ጭቃ ነበር፤ ታክሲ አይደፍረውም። እኛ ግን ጫካውን ስናውቀው ኖረናልና ጠበልተኛውን፣ ገበያተኛውን፣ ካህናቱን እያወጣን እያወረድን እንጀራችንን መብላት ጀመርን።

ቅናቴ እግር ያወጣው ያን ጊዜ ነው። ሁለቱ መኪኖች እኩል ናቸው፤ ዋጋችንም መንገዳችንም አንድ ነው። ሰዉ ግን የኔን ባዶ መኪና አሳልፎ የእሳቸውን ይጠብቃል። ከጫካ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው ታጥፎ፣ መሬት መሬት እያዩ የሚወርዱ ሴቶች አሉ። ጋሽ ወልዴ ባዶአቸውን ሲወርዱ ያቆሙላቸዋል። ሸክሙን በገዛ እጃቸው ጣሪያ ላይ ያስሩላቸውና ሴቶቹን አስቀምጠው እስከ ፈረንሳይ ያደርሷቸዋል። ሳንቲም አይቀበሉም። «ቁልቁለት ነዳጅ አይበላም፤ እኔ ምን አወጣሁ?» ይላሉ። እኔ እነዚያኑ ሴቶች አቧራ እያለበስኩ ነበር የማልፋቸው። ምርቃቱን ለእሳቸው ሲያዘንቡት ስሰማ ግን ከኔ ኪስ የተሰረቀ ይመስለኝ ነበር።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ የኔ መኪና ቆመች። ራዲያተሩ እያፈሰሰ፣ እኔም «ዛሬን ብቻ» እያልኩ፣ ያለ ውኃ ነድቼያት ሞተሩ ግሎ ነከሰ፤ አልዞርም አለ። ለጥገናው የተጠየቅሁት ዋጋ ስላስደነገጠኝ አስገፍቼ ከጓሮዬ ባሕር ዛፍ ሥር አቆምኳትና ኮተቤ አንድ ወፍጮ ቤት ተቀጠርኩ። ጋሽ ወልዴ ለመንገዱ ብቻቸውን ቀሩ። በየማለዳው የሞተራቸው ድምፅ በደጃፌ ሲያልፍ ባለቤቴ አስካለ «ጋሽ ወልዴ አለፉ፤ ተነሥ፣ ነግቷል» ትለኛለች። እኔም በሰው ሞተር የሚነጋልኝ ሰው ሆንኩ ብዬ ብርድ ልብሴ ውስጥ እንገበገባለሁ።

እንዲህ ሌላ ሦስት ዓመት አለፈ። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ወርኃዊ የኪዳነ ምሕረት በዓል ላይ፣ ጋሽ ወልዴ ሰው ሞልተው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት ሲወጡ ካምቢዮው፣ ማርሹ የሚቀያየርበት የመኪናዋ የሆድ ዕቃ፣ ተንኮሻኩሾ ተሰባበረ። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር በፍሬን ይዘው ጎማዋን በድንጋይ አስደገፉና ተሳፋሪውን አንድ በአንድ አስወረዱ። አንድም ሰው አልተጎዳም። ከዚያ በፍሬን ብቻ እያወረዱ ደጃቸው አደረሷት።

ወሬውን ስሰማ አዘንኩ። እንዲህ ብቻ ብዬ ብተወው ግን ግማሽ እውነት ይሆናል። ከሐዘኑ ሥር አንድ ዓይነት ዕረፍት ነበረበት። በማግስቱ የማንም ሞተር ሳይቀሰቅሰኝ ረፋድ ላይ ተነሣሁ።

ጋሽ ወልዴ መርካቶ ወርደው ሱማሌ ተራ ያሉትን የመለዋወጫ ነጋዴዎች ሁሉ አዳረሱ። ያገለገለ ካምቢዮ የተጠየቁት ስምንት ሺህ ብር ነበር። መኪናዋን ራሷን የገዟት በሰባት ሺህ ነው። በየወሩ ልክፈልህ ያሉት ነጋዴ «አባባ፣ ለዚህች መኪና ዱቤ ሰጥቼ፣ ክፍያው ሳያልቅ እሷ ብታልቅስ?» ብሎ ሳቀባቸው። ቁራሌዎች ደግሞ መቆሟን ሰምተው በኪሎ ሊገዟት መጡ። ጎረቤቱም «ይሽጧት እንጂ፤ ከዚህች አሮጌ ጋር ምን ያታግልዎታል?» አላቸው። «አብረን ነው ያረጀነው» ብለው መለሱ፤ «እኔንስ በኪሎ ልትሸጡኝ ነው?»

በሳምንቱ እኔ ቤት መጡ። አስካለ ደጅ ወንበር አወጣችላቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ስለ ዝናቡ ጥቂት ተጫወቱ። ከዚያም፣

«በላቸው፣ ላስቸግርህ ነው የመጣሁት» አሉ።

«ምን ልታዘዝ ጋሼ?»

«የዚያች የጓሮዋ ካምቢዮ ደህና መሆኑን አውቃለሁ፤ የነከሰው ሞተሯ ነው። ካምቢዮውን ሽጥልኝ። ሱማሌ ተራ የጠሩብኝን አልችለውም። ላንተ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ሠርቼ እከፍልሃለሁ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ዝናብ የወረደበት ብረት ነው። ለማንም አልጠቀመም፤ እኔም ትዝ ብሎኝ አያውቅም። እሳቸው ሲፈልጉት ግን በዚያች ቅጽበት ከወርቅ በላይ ከበረብኝ። የእሳቸው መኪና እዚያ፣ የኔ እዚህ፣ ሁለቱም ቆመው እንዲኖሩ ፈለግሁ። ፍላጎቴ ይኸው ነበር፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

«ጋሼ፣ እሺ ብልዎ ደስ ባለኝ» አልኩ። «ግን የኔንም ላስነሣት አስቤያለሁ።»

ውሸት ነበር። አስካለ ከበሩ ላይ ዞር ብላ አየችኝ። ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አነሡ። ይነሡና ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ፈካ።

«እንዲህ ያለ ነገር ይዘህ ነው እስካሁን ዝም ያልከኝ! ለመንገዱ አንድ መኪና ከተነሣች ያንተ ሆነች የኔ ምን ለየው? ነገ ጠዋት መፍቻዬን ይዤ እመጣለሁ፤ ሞተሩን አብረን እናወርደዋለን።»

እንዳሉትም መፍቻቸውን በጆንያ ጠቅልለው በማለዳ ከተፍ አሉ። ኮፈኑን ሲከፍቱት የአስካለ ዶሮ እየተንጫጫች ከሞተሩ ላይ ዘላ ወጣች፤ አራት እንቁላል ታቅፋ ነበር። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ለቅመው በባርኔጣቸው ለአስካለ ሰጧትና «ይቺ መኪና ቆመች ያለው ማነው? ስትሠራ ነው የኖረችው» አሏት። አስካለ ከልቧ ሳቀች። እኔ እንደዚያ ካሳቅኋት ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር! በሳቋም ቀናሁ።

አምስት ቀን ሠራን። ወፍጮ ቤት ፈቃድ ጠይቄ ቀረሁ፤ ውሸቴ ያስገባኝን ሥራ እየሠራሁ ማለት ነው። ሞተሩ ተፈትቶ ሲታይ ጋሽ ወልዴ ጣታቸውን በተቃጠለው ብረት ላይ አሳልፈው ቀና ብለው አዩኝ።

«ያለ ውኃ ነድተሃታል።»

«የለም ጋሼ፣ እርጅና ነው።»

ጣታቸውን በጨርቅ ጠረጉና «እሺ፣ እርጅና ይሁን» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ብንከራከር ይሻለኝ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን በናፍጣ እየታጠቡ እንዲህ አሉኝ፦

«በላቸው፣ እኔ የማየውን ልንገርህ። ያንተን ሞተር ማስጠገን ከኔ ካምቢዮ ይበልጣል። አንተም ለብቻህ አትችለውም፤ እኔም ለብቻዬ አልቻልኩም። የኔ ሞተር ደግሞ እንደ ሰዓት ነው። ያንተ ካምቢዮ ደህና ነው። ሻንሲው የኔ ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ የተበየደ ነው፤ ያንተ ጤነኛ ነው። ስለዚህ ሞተሬን አውልቀን እዚህች ላይ እንጫነው።»

«የማን ልትሆን?» አልኩ። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

«ሊብሬው በማን ስም ነው? ያንተ ናታ።»

«እርስዎስ?»

«ሦስት ቀን አንተ ትነዳለህ፣ ሦስት ቀን እኔ። እሑድን በየተራ። በየቀናችን የሠራነውን እንወስዳለን፤ ስትበላሽ አብረን እናሠራለን።»

«ወረቀት አንጻጻፍም?»

«ወረቀት የሚጻፈው አንዳችን ልንክድ ካሰብን ነው። እኔ አላሰብኩም። አንተ አስበሃል?»

ቤት ስገባ አስካለን «ይህ ሰውዬ ከመጀመሪያው አስልቶ ነው የመጣው» አልኳት። «ካምቢዮዬን በዘዴ ሊያገኝ ነው።»

«አንተ ሰው!» አለችኝ፤ «አንተ ካምቢዮ ከለከልካቸው፤ እሳቸው ሞተር ሰጡህ። ታዲያ ማነው ያሰላው?»

ሞተሩን ማዛወሩ ብቻ አልበቃም። ራዲያተር፣ ቱቦ፣ ጎማ፣ የበያጅ ዋጋም ነበር። ጋሽ ወልዴ ለልጃቸው ሠርግ ብለው ያቆዩትን ከቤታቸው በስተጀርባ ያለ ባሕር ዛፍ ሸጡ። ዛፎቹ ሲቆረጡ ባለቤታቸው እትዬ ብዙነሽ ደጅ አልወጡም። እኔ ከደመወዜ ለሁለት ጎማ አዋጣሁ። የእሳቸው መዋጮ ከኔ በብዙ በለጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር፤ እኔ ግን ከኔ የበለጠ መስጠት በመቻላቸውም ቀናሁ።

መኪናዋ የተነሣችው በጥቅምት ነው፤ እኔም የወፍጮ ቤቱን ሥራ ተውኩ። የመጀመሪያው ቀን ለኔ ይሁን ብለው ሰጡኝ። ፈረንሳይ መሳፈሪያው ላይ ስደርስ ሴቶቹ ድምፁን ከሩቅ ለይተው «የጋሽ ወልዴ መኪና ተነሣች!» ብለው እልል አሉ። እልልታው ወደኔ እየቀረበ መጣ። በመስኮት አጮልቀው አዩኝና፣

«ጋሽ ወልዴ የሉም እንዴ?» አሉኝ።

«መኪናዋ የኔ ናት» አልኩ።

«አሃ! እሳቸውስ ደህና ናቸው?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዲሁ ሆነ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የኔ ቀን ነው፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የእሳቸው። በኔ ቀን የቸኮለ ይሳፈራል፤ ያልቸኮለ ያድራል። አንዲት የጠበል ጀሪካን የያዙ እናት ፊት ለፊቴ «ግድ የለም ልጄ፣ እኔ ነገ በጋሽ ወልዴ እወጣለሁ» ብለውኛል። ቢቸግረኝ ጽሑፍ አዋቂ ጠርቼ በሩ ላይ ስሜን በትልቁ በቢጫ ቀለም አስጻፍኩ። ጋሽ ወልዴ በማግስቱ መኪናዋን ሊረከቡ ሲመጡ ቆም ብለው አነበቡት።

«ቆንጆ ጽሑፍ ነው» አሉ። «ቀለሙ ግን ዝናብ ይችላል?»

ችሏል። ሰዉ ግን ስሜ በተጻፈበት በር እየገባ የጋሽ ወልዴ መኪና ማለቱን አልተወም።

በሁለተኛው ክረምት መጨረሻ ልክ ያጣ ነገር አደረግሁ። ማክሰኞ ጠዋት ቁልፍ ሊወስዱ ሲመጡ በር ላይ ቆሜ «ጋሼ፣ ሊብሬው በኔ ስም ስለሆነ ከእንግዲህ ብቻዬን ብነዳ ይሻላል። ችግር ቢመጣ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አልኳቸው። ሌሊቱን ስለማመደው ያደርኩት ንግግር ነው።

ጋሽ ወልዴ ለቁልፉ የዘረጉትን እጃቸውን ቀስ ብለው መለሱ። ስለ ሞተሩ ይጮሃሉ፣ ሽማግሌ ይሰበስባሉ፣ ቀበሌ ይከሱኛል ብዬ ለሁሉም መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

«ዘይቷን የምትቀይርበትን ቀን አታሳልፍ» አሉኝ፤ «እነዚያንም ሴቶች አደራ፣ ጭቃ ነው።» ይህን ብለው በመጡበት ተመለሱ።

አራት ወር ብቻዬን ነዳሁ። ሰዉ ሌላ ምርጫ የለውምና ይሳፈራል፤ ግን አይጫወትም። ከፈረንሳይ እስከ ኪዳነ ምሕረት ዝምታ ጭኜ እወጣና ዝምታ ጭኜ እወርዳለሁ። ጋሽ ወልዴ የሆነውን ለማንም አልተናገሩም። ስለዚህ ጥያቄው ሁሉ ወደኔ መጣ፦ «ጋሽ ወልዴ የት ሄዱ?» አንድ ቀን መልስ ሲያልቅብኝ «ትንሽ አሟቸዋል» አልኩ።

ያቺ ቃል በሦስት ቀን ዳገቱን ሁሉ አዳረሰች። መጀመሪያ ቅጠል ተሸካሚዎቹ ሴቶች እንቁላል ይዘው ሊጠይቋቸው ሄዱ። ካህናቱ ጠበል ይዘው ተከተሉ። ብርቱካን፣ ማር፣ አጥሚት የያዘ ሁሉ ወደዚያ ቤት ጎረፈ። አስካለም ሰምታ ሄዳ ነበር፤ የሆነውን ያየችው እሷ ናት። እትዬ ብዙነሽ በር ላይ ቆመው «ኧረ ማን ታመመ? ማን ነገራችሁ?» ሲሉ ሴቶቹ «በላቸው ነው የነገረን» ይላሉ። ጓሮ እንጨት ይፈልጡ የነበሩት ጋሽ ወልዴ ይህን ሰሙ። ምሳራቸውን አስቀምጠው በጓሮ በር ገቡና ጋቢያቸውን ተከናንበው አልጋ ላይ ወጡ። ጠያቂው ሲገባ «አዎ፣ አሞኝ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አሁን እየተሻለኝ ነው» አሉ።

አስካለ ይህን ነግራኝ ራት አቀረበችና ከኔ ጋር ሳትበላ ተነሣች።

በማግስቱ ሄድኩ። በሩን የከፈቱት እትዬ ብዙነሽ ናቸው። ሰላምታ አልሰጡኝም። «ግባ፤ በሽተኛህ እዚያ ነው» አሉኝ። ጋሽ ወልዴ ከብርቱካንና ከጠበል ጠርሙስ መሐል ቁጭ ብለው ነበር።

«ተቀመጥ» አሉኝ። «አልተቆጣሁም አልልህም። ቁልፉን የከለከልከኝ ጊዜ ዝም ያልኩት ስላልከፋኝ አይደለም፤ አፌን ብከፍተው የማልመልሰው ቃል እንዳይወጣ ፈርቼ ነው። በየማለዳው የገዛ ሞተሬን ድምፅ ተኝቼ ስሰማ ምን እንደሚመስል አንተ አታውቀውም።»

አውቀው ነበር። ከማንም ይበልጥ አውቀው ነበር።

«የሆነው ሆኗል» አሉ። «ሕመሜን ያወራኸው አንተ ነህ። በል እንግዲህ መዳኔንም አንተው አውራው።»

በማግስቱ ጠዋት እሳቸውን ከጎኔ አስቀምጬ ፈረንሳይ መሳፈሪያ ደረስኩ። ወርጄ ሰው ሁሉ እየሰማ «ጋሽ ወልዴ ድነዋል፤ ዛሬ የሚነዱት እሳቸው ናቸው» አልኩና ቁልፉን በእጃቸው አስቀመጥኩ። እልልታው ሲቀልጥ ራሴ ወደ ኋላ ሄጄ በተሳፋሪው መሐል ተቀመጥኩ። በዚያች መኪና ከኋላ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከኋላ ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ነፍሰ ጡር ከፊት ተቀምጣለች፤ ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ መኪናዋ እስክትቆም ድረስ ያዘገማሉ። አንዱን ሽማግሌ «ዓይንዎ እንዴት ሆነ?» ይሏቸዋል፤ አንዷን «ልጅሽ ፈተናውን አለፈ?» ይሏታል። የሁሉንም ቤት ያውቃሉ። እግዚአብሔር ለእሳቸው ብቻ የሰጣቸው ዕድል ነው እያልኩ የቀናሁበት ነገር ለካ ሥራ ነበር! በየቀኑ፣ በየሰዉ፣ በየድንጋዩ የሚሠራ ሥራ። ይህን ማየቴ ቅናቴን አላዳነልኝም፤ እንዲያውም አባሰብኝ። ዕድል ቢሆን ኖሮ «አልተሰጠኝም» እላለሁ። ሥራ ከሆነ ግን እኔም መሥራት እችል ነበር።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት እንደ ጥንቱ ሦስት ቀን እሳቸው፣ ሦስት ቀን እኔ ነዳን። የሴቶቹን ሸክም እኔም ጣሪያ ላይ ማሰር ጀመርኩ። መጀመሪያ ከጋሽ ወልዴ ላለማነስ ነበር፤ በኋላ ለምን እንደሆነ ማሰቡን ተውኩት። መንገዱ ሲሠራና ሚኒባሶች ዳገቱን ሲደፍሩት የኛ ጂፕ ተሳፋሪ አጣች። ተስማምተን ሸጥናት። «ሊብሬው ያንተ ስለሆነ» ብለው የሚበልጠውን ለኔ ሊሰጡኝ ቢሞክሩ አስካለ ተቆጥታ እኩል አካፈለችን።

እትዬ ብዙነሽ ካረፉ በኋላ ልጃቸው አያት ኮንዶሚኒየም ወሰደቻቸው። ሁለት ጊዜ በባቡር ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ደረጃው ላይ ያገኘኋት አንዲት ጎረቤት «የጋሽ ወልዴ እንግዳ ነህ? ና ላሳይህ» ብላ መራችኝ። እሷ ካወቀቻቸው ሁለት ዓመት ነው፤ እኔ ግን የዕድሜዬን ግማሽ። ቢሆንም ቤተኛዋ እሷ፣ እንግዳው እኔ ሆንኩ። በዚያ ዕድሜዬ፣ በዚያ ደረጃ ላይ፣ እንደ ልጅ ቀናሁ።

ጋሽ ወልዴ ከስተው ነበር። ፊቴ ላይ ያዩትን አላውቅም፤ እጄን ይዘው «በላቸው፣ ሹፌርን የሚያደክመው ዳገት አይደለም፤ ከጎኑ የሚያልፈውን መኪና ማየት ነው። ያሳርፍህ» አሉኝ። ከእሳቸው የሰማሁት የመጨረሻ ምርቃት ይህ ነው።

ጋሼ! እንግዲህ ወደ እርስዎ ልዙርና ልሰናበትዎ። እርስዎን ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም። ያን ዕለት ቁልፉን በእጅዎ ሳስቀምጥ የጠየቅሁ መስሎኝ ነበር፤ ቃሉ ግን ከአፌ አልወጣም። አሁን እርስዎን በሚያውቅ ሰው ሁሉ ፊት ይቅር ይበሉኝ እላለሁ። ካምቢዮውን ስለከለከልኩዎ፣ ቁልፉን ስለነጠቅሁዎ፣ ጤነኛውን ሰው በሽተኛ ስላደረግሁዎ ይቅር ይበሉኝ።

ቅናቴ ከእርስዎ ጋር የተቀበረ እንዳይመስልዎ። ስለ ገዛ ሞቴ ባሰብኩ ቁጥር ይታየኝ የነበረው እርስዎ ከዕድርተኛው ፊት ባርኔጣዎን አውልቀው ቆመው፣ ስለኔ ጥቂት ደግ ቃል ሲናገሩ ነበር። ክፋቴን ሁሉ እያወቁ ደግ ነገር ፈልገው የሚያገኙልኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነበሩ። እኔ እንደማልዋሽልዎ፣ እርስዎም አይዋሹልኝም ነበር፤ ግን ያገኙልኝ ነበር። አሁን እርስዎ የሚጽፍልዎ አገኙ፤ ለኔ የሚጽፍልኝ ሄደ።

በሰላም ይረፉ፣ ጋሼ። በዚህም ቀደሙኝ።